መዝገቡ አልተገኘም

ስምንት ዓመት ሙሉ በፑኔ ከተማ፣
በመስታወት ሕንፃ፣ በሌሊት ጨለማ፣
የሩቅ ባንክ ልብ ሲመታ ስሰማ፣
እንደ ሐኪም ጆሮ በገመድ አድምጬ
ኖሬያለሁ እኔ፣ ወንበር ላይ ቀልጬ።

ሰርቨር ሲያተኩሰው ቀድሜ የማውቅ፣
የጎኔን ሰው ትኩሳት ግን የማልጠይቅ።
ገንዘቡን አላየሁ፣ ሽታውን አላውቅም፤
የማየው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አይስቅም።

«ልለቅ ነው» ስለው፣ ሱሃስ አለቃዬ፣
ሻዩን አፈሰሰው በማመልከቻዬ።
«ደመና ላይ ሆነሽ ሺህ ማሽን ስታዢ፣
አሁን ጭቃ ወርደሽ ማኅተም ልትይዢ?
ያውም በግማሽ ደመወዝ?»
ዝም አልኩት፤ ምን ልበል?
የሚሊዮን ሰው ጥሪት ነቅቼ ስከልል፣
አንዱን እንኳ በመልኩ አላውቀውም ልበል?

እናቴን ግን ያን ቀን ቤቱ አልበቃት አለ፤
«የመንግሥት ባንክ ነው! ጡረታ አለው!» እያለች
ፔዳውን በሳህን ለጎረቤት አዞረች።
(የተፈተንኩት ከሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር ነው።
አንዷ «አክስቴ» ብላ እስክሪብቶ ተበደረችኝ።
የመጀመሪያ ተበዳሪዬ እሷ ናት፤ እስካሁን አልመለሰችም።)

ቅርንጫፍ ይሉታል፤ ቅጠል የለው፣ ጥላ፣
አንድ ክፍል ቤት ነው ከሸንኮራው ኋላ።
እስክሪብቶው በሲባጎ ከባንኮኒ ታስሮ፣
ማራገቢያው ያስላል ባጠገቤ ዞሮ።

የመጀመሪያው ማታ ሂሳቡን ስዘጋ
አምስት መቶ ሩፒ ጎደለኝ በድንገት፤
ጣቴ በልማዱ ባየር ተዘረጋ፣
ወደ ኋላ መላሽ ቁልፍ ሊነካበት።
የለም። ከኪሴ ከፈልኩ።
ካሸሩ ሻሺካንት፣ ጡረታ የደረሰው፣
መነጽሩን ገፍቶ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ፤
«ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው፤ ባንክ የገባሽው አሁን ነው።»

በሦስተኛው ወር፣ ሰኞ፣ ሰልፉ በሩን አልፎ፣
ሳኩባይ መጣች፤ ደብተሯ በላስቲክ ታጥፎ፣
ላስቲኩ በመሐረብ፣ መሐረቡ በጉያ።
ሸንኮራ ስትቆርጥ ከርማ ከወንዝ ወዲያ፣
ሦስት ዓመት ሳታስገባ፣ ሳታወጣም ቆይታ፣
ለጣሪያዋ ቆርቆሮ ልትገዛ፣ ዝናብን ፈርታ።

ቁጥሯን መታሁት። ስክሪኑ ቀላ፦
«መዝገቡ አልተገኘም። ቅርንጫፍዎን ያነጋግሩ።»

ጣቴ ደረቀ።
ያን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣
ሊነጋ ሲል፣ ዐሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ።
መጀመሪያ «እባክዎ» የሚል ቃል ነበረው፤
ሳጥኑ አልበቃ ሲለኝ ቆርጬ የጣልኩት እኔው።

«ምን ይላል?» አለችኝ።
«አልተገኘሽም ይላል።»
«እዚህ ቆሜ?»
ሰልፉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤
ግን ሁለተኛው መስመር ዓይኔን ይዞ አለቀቀውም፦
ቅርንጫፍዎን ያነጋግሩ።
ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ግድግዳና የቀን መቁጠሪያ ብቻ።
ቅርንጫፉ እኔ ነኝ።

ወንበር አወጣሁላት። ሦስት ቅጽ፣ ሁለት ፎቶ፣ አንድ አውራ ጣት፤
ሰልፉ እያጉረመረመ፣
ሻሺካንት ከካዝናው ጀርባ የአሮጌ መዝገብ አቧራ እያራገፈላት፣
ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ተገኘች፦
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሩፒ፣ ከነወለዱ።
ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው።
ከዚያ ቀና ብላ እኔንም ቆጠረችኝ፣ ከእግር እስከ ራሴ።

ማታ ለሱሃስ ጻፍኩ፦
«ያቺ ቀይ መልእክት ላይ፣ ከ‹ያነጋግሩ› በፊት፣
‹እባክዎ› ጨምርበት።»
ጣቴ ላይ የማኅተም ቀለም ነበር፤ ስልኩን አቆሸሸው።
ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መለሰልኝ፤ እሱ አሁንም አይተኛም፦
«ቲኬት ክፈቺ።»